ከጽሑፍ መስፈርት ኮድ ማመንጨት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሲስተም መስፈርት ይዘው ኮዱን በመሣሪያ ለማስወጣት የሚነሡ ሰዎች አዘውትረው የሚጠይቁት ነው፤ ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የቁጠባና ብድር ማኅበር ሲስተም ላይ ናቸው፣ ዓመቶቹም ካልተገለጸ በቀር እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከመስፈርት ኮድ ማመንጨት ሲባል ምን ማለት ነው?

ሲስተሙ ምን መሥራት እንዳለበት የሚገልጸውን ጽሑፍ ተቀብሎ ያንን የሚፈጽም ፕሮግራም በመሣሪያ ማስወጣት ነው። ሁለት መንገድ አለው። በቀድሞው መንገድ ባለሙያው መስፈርቱን አንብቦ መጀመሪያ ወደ ሞዴል ይቀይረዋል፤ ሞዴሉ የሁኔታ ዲያግራም ወይም የቁጥጥር ንድፍ ሊሆን ይችላል። ከዚያ እንደ ሲሙሊንክ ወይም ስኬድ ያለ መሣሪያ ሞዴሉን በቋሚ ሕግ ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ወደ ተጻፈ ኮድ ይለውጠዋል። በሁለተኛው መንገድ ጽሑፉ በቀጥታ ለቋንቋ ሞዴል (ከብዙ ጽሑፍና ኮድ ተምሮ ራሱ ለሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ይሰጥና እሱ ኮዱን ይጽፈዋል።

ልዩነቱ የሚታየው መስፈርቱ ጎዶሎ ሲሆን ነው። የመጀመሪያው ዓይነት መሣሪያ የጎደለ ነገር ሲያገኝ ስህተት አውጥቶ ይቆማል። የቋንቋ ሞዴል ግን አይቆምም፤ ጎዶሎውን በሌላ ቦታ በተለመደው አሠራር ይሞላዋል፣ መሙላቱንም ብዙ ጊዜ አይናገርም። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከሞላ ጎደል ከዚህ ጠባይ የሚመጣ ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያመጣው አዲስ ነገር ነው?

አይደለም። ፎርትራን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በ1957 ሲወጣ «አውቶማቲክ ኮዲንግ» ተብሎ ነበር፤ ዛሬ በፎርትራን መጻፍ ራሱ ፕሮግራም መጻፍ ነው። በ1959 ሥራው የተጀመረው ኮቦል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እንዲመስል የተደረገው ፕሮግራመር ያልሆነ ሰውም እንዲያነበው ታስቦ ነው። በ1998 የተከፈተው የፓሪስ ሜትሮ 14ኛ መስመር ያለ ሾፌር ይሄዳል፤ ለደኅንነት ወሳኝ የሆነው ሶፍትዌሩ ቢ በተባለው የሒሳብ ዘዴ ተገልጾና ትክክለኛነቱ በማረጋገጫ ተፈትሾ፣ አዳ በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ከ80 ሺህ መስመር በላይ ኮድ ከዚያ በመሣሪያ ወጥቷል። በቋንቋ ሞዴል ኮድ የሚጽፈው ጊትሃብ ኮፓይለት በ2021 ብቅ ካለ ወዲህ የተለወጠው መነሻው ነው፤ ድሮ መነሻው ጥብቅ መግለጫ ነበር፣ አሁን ሰው እንደሚናገረው የተጻፈ ጽሑፍም ይሆናል።

ታዲያ ፕሮግራመር አያስፈልገንም ማለት ነው?

የወጣውን ኮድ አንብቦ «ይኼ ልክ አይደለም» የሚል ሰው ከሌለ አትጀምሩት። ለአነስተኛ ማኅበር የተዘጋጀ ሲስተም መግዛት ከዚህ ይሻላል። የሚቀንሰው የመተየብ ሥራ ነው፤ የሚበዛው ደግሞ ሒሳብ ሹሙን፣ ገንዘብ ያዡንና የብድር ኮሚቴውን ቁጭ አድርጎ «እንዲህ ቢሆንስ?» እያሉ የመጠየቅ ሥራ ነው።

መስፈርቱን እንዴት ብጽፈው ነው ትክክለኛ ኮድ የሚወጣው?

አንድ ዓረፍተ ነገር እንይ፦ «ተበዳሪው በወሩ መጨረሻ ካልከፈለ ቅጣት ይከፍላል።» ለሰው ግልጽ ይመስላል። አሁን ያልተመለሰ ብድሩ 36,000 ብር፣ ወርሃዊ ክፍያው 2,400 ብር የሆነ አባል 900 ብር ብቻ ከፈለ እንበል፤ የቅጣቱ መጠን 2 በመቶ ነው። ቅጣቱ በጎደለው 1,500 ብር ላይ ከታሰበ 30 ብር ነው። በሙሉው ወርሃዊ ክፍያ ላይ ከታሰበ 48 ብር፣ በቀሪው ብድር ላይ ከታሰበ 720 ብር ይሆናል። በየቀኑ ይታሰብ ወይስ አንድ ጊዜ? ዓረፍተ ነገሩ አይልም። የቋንቋ ሞዴሉ ከእነዚህ አንዱን መርጦ ንጹሕ ኮድ ይጽፋል፤ ስክሪኑም ያምራል፤ ስህተቱ የሚታወቀው አባሉ ደረሰኙን ይዞ ሲመጣ ነው።

ይኸው መስፈርት ሲታረም እንዲህ ይሆናል፦ «ብድር-07፦ የወሩ ክፍያ እስከ ወሩ 30ኛ ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ተሟልቶ ካልገባ፣ ሲስተሙ ከወርሃዊ ክፍያው ሳይከፈል በቀረው ገንዘብ ላይ 2 በመቶ ቅጣት አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘግባል። ጳጉሜን የክፍያ ወር አይደለችም። ከሳንቲም በታች ያለው ወደ ቅርቡ ሳንቲም ይጠጋጋል፤ ግማሽ ከሆነ ወደ ላይ።» ቁጥር አለው፣ ማን እንደሚሠራው ይታወቃል፣ መቼ፣ በምን ላይ፣ ስንት ጊዜ የሚለው ሁሉ ተመልሷል። «ፈጣን»፣ «በቂ»፣ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚሉ ቃላት መስፈርት ውስጥ ካሉ ወይ በቁጥር ተኩ ወይ አውጧቸው።

ለአጻጻፉ ቅርጽ አሊስተር ማቪንና ባልደረቦቹ በሮልስ ሮይስ ሆነው በ2009 ያቀረቡት ኢርስ የሚባል ዘዴ ይጠቅማል። መስፈርቶችን በአምስት ዓይነት ይከፍላቸዋል፦ ሁልጊዜ የሚጸኑ፣ አንድ ድርጊት የሚቀሰቅሳቸው፣ አንድ ሁኔታ እስካለ ድረስ የሚጸኑ፣ ያልተፈለገ ነገር ሲደርስ የሚሠሩ፣ እና አንድ ተጨማሪ አገልግሎት ባለበት ብቻ የሚሠሩ። አራተኛውን ሰው ሁሉ ይረሳዋል። የቴሌብር ክፍያ ተልኮ ማረጋገጫው ሳይመጣ ኔትወርክ ቢቋረጥስ? አባሉ ሁለት ጊዜ ቢጫንስ? ይህ ካልተጻፈ የሚወጣው ኮድ ሁሉም ነገር በሰላም የሚያልፍበትን መንገድ ብቻ ይዞ ይመጣል።

መስፈርቱን በአማርኛ ብጽፈው ይሠራል?

ይሠራል፤ ትልልቆቹ ሞዴሎች አማርኛ ያነባሉ። ወጪው ግን ይጨምራል። ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ሲይዝ የላቲን ፊደል 1 ባይት ብቻ ነው፤ ሞዴሎቹ ጽሑፉን ቶከን ወደሚባሉ ቁራጮች ሲበትኑትም ለተመሳሳይ ሐሳብ አማርኛው ብዙ ቶከን ይበላል። ሰነዱ ረጅም ሲሆን ሞዴሉ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ቦታ ቶሎ ይሞላል ማለት ነው። የሠንጠረዥና የአምድ ስሞችን በእንግሊዝኛ፣ ሕጉንና ማብራሪያውን በአማርኛ ማድረግ ለብዙ ቡድን የሚስማማ መንገድ ነው። መስፈርቱን ለማጽደቅ የሚፈርሙት ሰዎች የሚያስቡት በአማርኛ ከሆነ ግን ለቶከን ብላችሁ ወደ እንግሊዝኛ አትተርጉሙት፤ ያልገባቸውን ሰነድ ያጸድቃሉ።

ቋንቋው የራሱ ወጥመዶች አሉት። «ሲከፍል» የሚለው ቃል «በከፈለበት ቅጽበት» ማለትም «እየከፈለ ሳለ» ማለትም ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ካሉት ከአምስቱ ዓይነቶች ሁለቱን አንድ ላይ ይደባልቃል። ለድርጊት «እንደከፈለ ወዲያው»፣ ለሁኔታ ደግሞ «ክፍያው እስኪጠናቀቅ ድረስ» ብላችሁ ለዩት። «ብድሩ በሦስት ይከፈላል» ሲባል ሦስት ጊዜ ገንዘብ ይሰጣል ነው ወይስ ሦስት ቦታ ይመደባል? «ይመዘገባል» ሲባል መዝጋቢው ማን ነው፣ ሲስተሙ ወይስ ሠራተኛው? «ከ5 በላይ» 5ን ይጨምራል? «እስከ ሐሙስ» ሐሙስን ይጨምራል? በንግግር የማያስቸግሩ ነገሮች ኮድ ውስጥ የአንድ ምልክት ልዩነት ናቸው፣ ያች ምልክት ግን ገንዘብ ታስከፍላለች።

ስምም አለ። ሞዴሎቹ ካልነገርናቸው የቤተሰብ ስም የሚባል ሳጥን ይሠራሉ፤ መስፈርቱ ላይ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብላችሁ ጻፉ። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ»፣ «ሐይሉ» ተብሎ የተመዘገበ አባል በአንዱ ሲፈለግ በሌላው መገኘት አለበት፤ ስለዚህ የተጻፈው ስም እንዳለ ይቀመጥና ለፍለጋ ብቻ ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ የተለወጡበት ሁለተኛ አምድ ይኑር። «ገ/ሚካኤል»ና «ገብረ ሚካኤል» በዚሁ ይታሰቡ።

ቀንና ሰዓት ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚበላሸው?

ሞዴሉ የተማረው ኮድ አብዛኛው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ስለሚጠቀም ነው። ሐምሌ 15 የተሰጠ ብድር «ከ3 ወር በኋላ» ይመለሳል የሚል መስፈርት እንውሰድ። ጳጉሜን እንደ ወር ካልቆጠርናት ቀኑ ጥቅምት 15 ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር ናት ብሎ ኮዱ ከቆጠራት መስከረም 15 ይሆናል። ሦስት ወርን 90 ቀን አድርጎ ከወሰደው ጥቅምት 10 ይወጣል፣ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ደግሞ ጥቅምት 9። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አራት ቀን። ጳጉሜን 6 የምትሆነው ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 ሲተርፍ ነው፤ 2015 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም.ም ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። «አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 11 ነው» ብሎ የሚያሰላ ኮድ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው፦ «ከቀኑ 11 ሰዓት» የሚለውን ሞዴሉ ከቀትር በፊት ያለው 11 አድርጎ ከወሰደው ቢሮው ሥራ ላይ እያለ ቅጣት ይጀምራል። መድኃኒቱ አሰልቺ ቢሆንም ቀላል ነው፦ ዳታቤዝ ውስጥ ቀኑ በአንድ ዓለም አቀፍ ቅርጽ ይቀመጥ፣ የኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት በማሳያና በመቀበያ ላይ ብቻ ይቀየር፣ መስፈርቱ ደግሞ «ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር 17፡00» ብሎ ሁለቱንም ይጻፍ።

ሰነዱን እንዳለ በአንድ ጊዜ ልስጠው?

60 ገጽ በአንዴ ሲሰጥ የሚመጣው ኮድ ይነሣል፣ ስክሪኖቹም ይከፈታሉ፤ 34ኛው ገጽ ላይ የነበረችው ልዩ ሕግ ግን የለችም። መጀመሪያ የቃላት መፍቻውንና የሠንጠረዦቹን ዝርዝር ስጡ፦ እያንዳንዱ መረጃ ዓይነቱ፣ መለኪያው፣ ባዶ መሆን ይችል እንደሆነ። ገንዘብ በሳንቲም፣ ሙሉ ቁጥር ሆኖ ይቀመጥ ብላችሁ እዚሁ ላይ ወስኑ፤ ኮምፒውተር አስርዮሽ ቁጥርን አቀራርቦ በሚይዝበት በተንሳፋፊ ነጥብ 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ስለሚወጣ ዓመቱ ሲዘጋ ሒሳቡ በሳንቲሞች አይገጥምም።

ቀጥሎ ያለውን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን እሱ ነው። «ኮድ አትጻፍ። እነዚህን መስፈርቶች ወደ ኮድ ለመለወጥ በግምት ልትወስናቸው የምትገደዳቸውን ነገሮች ዘርዝር» በሉት። የሚመጣውን ዝርዝር ለሥራው ባለቤት ውሰዱት፣ መልሱን መስፈርቱ ውስጥ ጻፉት፤ ውይይቱ ውስጥ ብቻ ከቀረ ነገ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ከሦስት እስከ አምስት መስፈርት እየቆረሳችሁ ኮዱን አስወጡ፣ ቴስት አድርጉ፣ በጊት (የኮድ ለውጥን በሚመዘግበው መሣሪያ) መዝግቡ፣ የምዝገባው መልእክት ላይም «ብድር-07» ብላችሁ ቁጥሩን አኑሩ።

ኮዱ ይሠራል፤ ትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ኮዱን የጻፈው ሞዴል ከኮዱ ተነሥቶ ቴስት እንዲጽፍ አታድርጉ። ኮዱ 900 ብር የከፈለውን አባል ቅጣት በስህተት 48 ብር ካደረገው ቴስቱም «48 ይጠበቃል» ይልና በአረንጓዴ ያልፋል። ቴስቱ ከኮዱ በፊት፣ ከመስፈርቱ ብቻ ይውጣ፤ የሚጠበቁትን ቁጥሮችም ሒሳብ ሹሙ በካልኩሌተር ያውጣቸው። ለብድር-07፦ በ30ኛው ቀን ልክ 11 ሰዓት ላይ ሙሉውን የከፈለ፣ ቅጣት 0። ከአንድ ደቂቃ በኋላ 2,400 ብሩን የከፈለ፣ 48 ብር። 900 ብር የከፈለ፣ 30 ብር። 50 ሳንቲም የጎደለበት፣ 1 ሳንቲም። 25 ሳንቲም የጎደለበት ግማሽ ሳንቲም ይወጣዋል፤ ወደ ላይ ሲጠጋ 1 ሳንቲም። በጳጉሜን ውስጥ ምንም ያልከፈለ፣ 0።

ከዚያ ኮዱን ሆን ብላችሁ አበላሹት። 2 በመቶውን 3 አድርጉት፤ «እስከ» የሚለውን ማነጻጸሪያ «በፊት» አድርጉት፤ ጳጉሜንን ወር አድርጓት። በእያንዳንዱ ጊዜ ቢያንስ አንድ ቴስት ካልወደቀ ቴስቶቹ እየጠበቁ አይደሉም።

የሞዴሎችን ኮድ የመጻፍ ችሎታ በሚመዝኑት መለኪያዎች ላይ ከፍተኛ ውጤት ያለው ሞዴል ብመርጥ ችግሩ አይፈታም?

በከፊል። ሂውማንኢቫል የተባለው የ2021 መለኪያ 164 አጫጭር የፓይተን ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ግልጽ ሆኖ የተጻፈ ነው። ኤስደብሊውኢ ቤንች በ2023 መጥቶ ከ12 የፓይተን ፕሮጀክቶች የተወሰዱ 2,294 እውነተኛ ችግሮችን ያዘ፣ ያ ለሥራ ይቀርባል። ሁለቱም ግን ትክክለኛው መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው። የእናንተ መስፈርት ላይ መልሱ ኮሚቴው ውስጥ ነው ያለው፤ የቱም ሞዴል ከዚያ አያወጣውም።

ያንኑ መስፈርት ደግሜ ስሰጠው ለምን ሌላ ኮድ ይጽፋል?

ሞዴሉ ቀጣዩን ቶከን በዕድል መጠን ስለሚመርጥ ነው። ቴምፕሬቸር የሚባለውን ማስተካከያ ወደ 0 ማውረድ ልዩነቱን ይቀንሰዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ አቅራቢው ሞዴሉን ሲያድስ ደግሞ እንደ አዲስ ነው። ስለዚህ «መስፈርቱ ካለ ኮዱን መቼም አወጣዋለሁ» ብላችሁ ኮዱን አትጣሉ። መስፈርቱም፣ ቴስቱም፣ ኮዱም አንድ ላይ ጊት ውስጥ ይቀመጡ።

መስፈርቱ ሲለወጥ ኮዱን ላርም ወይስ እንደገና ላስወጣ?

መጀመሪያ መስፈርቱን፣ ከዚያ ቴስቱን፣ በመጨረሻ ኮዱን። ቅጣቱ ከ2 ወደ 3 በመቶ ከፍ ካለ ብድር-07ን አርሙ፣ ከእሱ ጋር የተያያዙትን ቴስቶች አርሙ፣ በድሮው ኮድ ላይ መውደቃቸውን እዩ፣ ከዚያ ሞዴሉ የዚያን ክፍል ኮድ ብቻ እንዲለውጥ እዘዙት። ሙሉውን እንደገና ማስወጣት በእጅ የታረመውን ሁሉ ያጠፋዋል። አንድ ሰው ቸኩሎ ኮዱን ብቻ ካረመ ደግሞ ሰነዱና ሲስተሙ ከዚያ ቀን ጀምረው ይለያያሉ፤ ቀጣዩ ማመንጨት የድሮውን ሕግ መልሶ ያመጣዋል።

የሚያመነጨው ኮድ ለጥቃት የተጋለጠ ይሆናል?

ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም መስፈርቱ ስለ ደኅንነት አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። «አባሉ ሒሳቡን ማየት ይችላል» ከተባለ ማየቱን ይሠራል፤ አድራሻው ላይ ያለውን ቁጥር ለውጦ የሌላውን ሰው ሒሳብ እንዳያይ መከልከል ግን አልተነገረውም። «የራሱን ሒሳብ ብቻ» ብላችሁ ጻፉ፣ ለክልከላውም ቴስት አድርጉ። ከተጠቃሚ የመጣ ጽሑፍ ወደ ዳታቤዝ ጥያቄ በቀጥታ የሚገጣጠምበትን፣ የይለፍ ቃል ኮዱ ውስጥ የተጻፈበትን ቦታ በዓይን ፈልጉ።

ሌላው የሌለ ፓኬጅ (ሌሎች ጽፈው ለጋራ መጠቀሚያ ያኖሩትን ኮድ) መጥራት ነው። ሞዴሉ የኢትዮጵያን ቀን የሚቀይር ላይብረሪ ሲጠየቅ እውነት የሚመስል ስም ፈጥሮ ይጽፋል። እንዲህ ያሉ የፈጠራ ስሞችን አጥቂዎች ቀድመው አስመዝግበው ተንኮል ያለበት ኮድ ሊያኖሩባቸው ይችላሉ። ከመጫናችሁ በፊት ፓኬጁ መኖሩን፣ ማን እንደሚንከባከበውና ከመቼ ጀምሮ እንዳለ ተመልከቱ።

የአባላቱን መረጃ ለሞዴሉ መስጠት እችላለሁ?

አያስፈልግም። ኮድ ለማስወጣት የሚፈለገው የሠንጠረዡ ቅርጽ እንጂ ውስጡ ያለው ሰው አይደለም፤ ለቴስት የፈጠራ ስምና ስልክ በቂ ነው። በኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓ.ም.) ወጥቷል፤ የአባላትን ዝርዝር ለውጭ አገልግሎት መስጠት ተጠያቂነት ሊያመጣ ይችላል። ሰነዱ ራሱ ምስጢር ከሆነ ሞዴሉን በራሳችሁ ሰርቨር ላይ አሂዱ፣ ወይም የአቅራቢው ውል ጽሑፋችሁን ለሥልጠና እንደማይጠቀምበት አረጋግጡ።

ለአውሮፕላን ሶፍትዌርስ ይሆናል?

በአውሮፕላን ላይ ዲኦ-178ሲ የተባለው የ2011 መመሪያ እያንዳንዱ የኮድ ክፍል ወደ መስፈርቱ እንዲመለስ ይጠይቃል። የመሣሪያው ውጤት እንደገና ሳይፈተሽ እንዲታመን ከተፈለገ መሣሪያው ራሱ ብቁነቱን ማስመስከር አለበት፤ የስኬድ ኮድ ጄኔሬተር እንዲህ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። የቋንቋ ሞዴል ለተመሳሳይ ግብዓት ተመሳሳይ ውጤት ስለማይሰጥ በዚህ በር አይገባም። ሊጠቅም የሚችለው ረቂቅ በማውጣትና በመስፈርቱ ውስጥ ያለውን እርስ በርስ መጋጨት በመፈለግ ነው፤ ኮዱ ግን በእጅ እንደተጻፈ ሙሉ ፍተሻውን ያልፋል።

ኮዱ መስፈርቱን በትክክል ፈጽሞ ሲስተሙ ቢወድቅ ችግሩ የት ነው?

መስፈርቱ ውስጥ ነው፤ ይህ ደግሞ በእጅ የተጻፈ ኮድም ላይ የደረሰ ነው። አሪያን 5 ሮኬት በጁን 4 ቀን 1996 በመጀመሪያ ጉዞዋ ከ40 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ከመንገዷ ወጥታ ፈነዳች። አቅጣጫና ፍጥነት የሚለካው ኮምፒውተር ሶፍትዌር ከአሪያን 4 እንዳለ የተወሰደ ነበር። በ64 ቢት የተያዘ ከአግድም ፍጥነት ጋር የተያያዘ ቁጥር ወደ 16 ቢት ሙሉ ቁጥር ሲቀየር ከ32,767 በለጠና ኮምፒውተሩ ቆመ። ምትክ ሆኖ የተቀመጠውም ያንኑ ሶፍትዌር ስለሚያሄድ በዚያው ምክንያት አስቀድሞ ቆሞ ነበር።

ቁጥሩ በአሪያን 4 ጉዞ ላይ ከዚያ ሊበልጥ አይችልም ነበር። የአሪያን 5 የጉዞ መስመር ግን በመለኪያው መስፈርት ውስጥ አልተካተተም፤ ያንን ቁጥር የሚያሰላው ክፍልም ለአሪያን 5 ከተነሣች በኋላ ጥቅም አልነበረውም። ስለዚህ የድሮ ሲስተም መስፈርትን ለአዲስ ሥራ ስትወስዱ፣ ኮዱን ከማስወጣታችሁ በፊት እያንዳንዱን ቁጥር «ከፍተኛው ስንት ነው? ያንን ያልነው በየትኛው ሁኔታ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። 300 አባል ለነበረው ማኅበር የተጻፈ መስፈርት 30,000 አባል ላለው ዩኒየን ሲወሰድ ጥያቄው ያው ነው፦ የአባል ቁጥሩ ስንት አኃዝ ነው፣ የወሩ መዝጊያ ስሌት በስንት ሰዓት ማለቅ አለበት፣ ሁለት ገንዘብ ያዦች የአንድን አባል ሒሳብ በአንድ ደቂቃ ቢነኩትስ?